የፊተኛው ግማሽ

እናቴና አክስቴ መጽሐፍ የሚያነቡት እንደ ዳቦ ለሁለት ቆርሰው ነው። ይህን ስናገር ለጨዋታ ማጣፈጫ ያልኩት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም። መጽሐፍ ሲገዛ መጀመሪያ የሚወሰደው ጠራዥ ዘንድ ነው። ጠራዡ ጀርባውን በምላጭ ይሰነጥቀዋል፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ የካርቶን ሽፋን ይለጥፍለታል። ከዚያ እናቴ የፊተኛውን ግማሽ፣ አክስቴ የኋለኛውን ይዘው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ሲጨርሱ ይለዋወጣሉ።

ነገሩን ረጋ ብሎ ላየው ሰው፣ አክስቴ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱንም ከመጀመሪያው ጀምራ አታውቅም ማለት ነው። መጀመሪያ ገዳዩ ሲያዝ ታያለች፤ ከሟቹ ጋር የምትተዋወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ልማዱ የተጀመረው ሁለቱም ሳያገቡ፣ በአባታቸው ቤት በአንድ ክፍል በሚተኙበት ዘመን ነው። የመጀመሪያው ቅጽ እጃቸው ሲገባ ማጣበቂያው ደርቆ ነበርና ገና ከመካከሉ ሲከፍቱት ለሁለት ተገነጠለ። እናቴ ታላቅ ስለሆነች የፊተኛውን አነሣች። አክስቴ የተረፈውን ወሰደች። ይሄ አደጋ ነው፤ ይገባኛል። የማይገባኝ፣ ሁለተኛው ቅጽ ደህና ሆኖ ሲመጣ በገዛ እጃቸው መቁረጣቸው ነው።

«እማዬ፣ ለምን?» ብዬ ጠይቄአት አውቃለሁ።

«ታዲያ እኔ ሳነብ እሷ ግድግዳ ትይ?» አለችኝ።

መጻሕፍቱ እንግሊዝ አገር ተጽፈው የተተረጎሙ የስለላ ልቦለዶች ናቸው፤ ዘጠኝ ቅጽ። ዝናብ በማያባራበት ከተማ አንድ ጃንጥላ ጠጋኝ አለ። በሱቁ ውስጥ ከተንጠለጠሉት ጃንጥላዎች ጀርባ በር አለ፤ ከበሩ ወዲያ የስለላ ቢሮ። ጠጋኙ የቢሮው አለቃ ነው። አብረውት አንድ ሐኪም፣ አንድ አስተርጓሚና አንዲት ሾፌር ይሠራሉ። በየቅጹ አንድ ትንሽ ከሃዲ ይያዛል። ከመጀመሪያው ቅጽ አንሥቶ ምስጢር የሚያወጣው ዋናው ሰው ግን ከመካከላቸው ተቀምጦ አይያዝም። እናቴና አክስቴ «የውስጡ ሰው» ይሉታል። ማንነቱ የሚገለጠው በዘጠነኛው ቅጽ ነው። ዘጠነኛው ቅጽ ደግሞ ተፈልጎ ተፈልጎ የጠፋ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች በዚህ ነገር ተከራክረው አርጅተዋል። እናቴ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። የምታነበው የፈተና ወረቀት እንደምታርም ነው፤ ቀይ እርሳስ ይዛ፣ በገጹ ጠርዝ ላይ «ውሸት!» እና «ይህ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?» እያለች እየጻፈች። ከጣማት ትሮጣለች፣ ካልጣማት ትዘላለች። በተለይ ዝናብ ትዘላለች። «ዝናብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማንም አይነግረኝም» ትላለች። የውስጡ ሰው ሐኪሙ ነው ብላ ከፈረደች ዘመን የለውም።

አክስቴ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። የከተማውን ሰው ጉድ ሁሉ በጆሮዋ አሳልፋ ጡረታ ስትወጣ አንዲት ወሬ ከአፏ አልወጣችም። የስምንቱንም ቅጽ መጨረሻ ከእናቴ ቀድማ አውቃለች፤ ስምንቱንም ጊዜ ዝም ብላለች። እናቴ ይህን እንደ ችሎታ አትቆጥርላትም። «እህቴ እንደሆነች አይሞቃት፣ አይበርዳት» ትላለች። አክስቴ «ዝም አይነቅዝም» ብላ ታልፋለች። ስለ ውስጡ ሰው ስትጠየቅ የምትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማንም ይሁን፣ አስተርጓሚው አይሁን እንጂ።» አስተርጓሚውን ትወደዋለች። በስምንት ቅጽ ውስጥ በር ለሰው ይዞ የሚያሳልፍ እሱ ብቻ ነው ትላለች።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ደም በማይክሮስኮፕ አያለሁ፤ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን አልጽፍም። ከዚህ ሥራ ወጥቼ ወደ እናቴ ቤት መሄድ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

ዘጠነኛውን ቅጽ ያገኘሁት ከደረጃ ሥር አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ነው። ሰውየው ከምግብ አሠራር መጻሕፍት ጋር ደርድሮታል። ገዝቼ ቤቴ ወሰድኩት። አሮጌ መጽሐፍ ገጽ ሊጎድለው ይችላልና ገጽ በገጽ አጣራሁ። ሳጣራ አነበብኩት። አላማርርም፤ ጥሩ ነው። የውስጡ ሰው ማን እንደሆነም አወቅሁ፤ አስተርጓሚው ነው።

ከዚያ ስህተት ሠራሁ። መጽሐፉን ሁለቱም ባሉበት አወጣሁት።

እናቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነበሩ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ሳኖረው እናቴ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። አክስቴ የያዘችውን ብርጭቆ በቀስታ አስቀመጠች። ለጥቂት ጊዜ ማናቸውም አልነኩትም።

«ነገ ጠራዡ ዘንድ ውሰደው» አለች እናቴ።

«እትዬ» አለች አክስቴ። «የዚህን የፊተኛውን እኔ ልውሰድ።»

እናቴ ያልሰማች መሰለች። መስማቷን ግን አየሁ፤ ንጹሑን መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ጀምራለች።

«ምን አልሽ?»

«የፊተኛውን እኔ፣ የኋለኛውን አንቺ።»

«ታላቅ እያለ?»

«ስልሳ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው፣ እትዬ። እስከ መቼ ነው ታናሽ የምሆነው?»

«እኔ እስክሞት ድረስ!»

እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ፤ መግባት አልነበረብኝም። «ለምን ጭራሽ ይቆረጣል? አንዳችሁ አንብባ ስትጨርስ ለሌላዋ ትስጣት።»

«አንተ ዝም በል» አሉኝ በአንድ ድምፅ። የሚስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ፎቶ ኮፒ ላስደርግላችሁ። አንድ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይኖራችኋል።»

«ፎቶ ኮፒ ይነበባል እንዴ?» አለች እናቴ። «ፎቶ ኮፒ ለፍርድ ቤት ነው።»

«ቀለሙም ይሸታል» አለች አክስቴ። የምትፈልገውን ነገር እጇ ላይ ላስቀምጥላት ስል፣ ከእህቷ ጋር ተባብራ ገፋችው። ተውኳቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመርኩ።

«ቀልድ አይደለም፣ እትዬ» አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ስምንቱንም ማን እንደሆነ አውቄ ነው የጀመርኩት። ደስ አላለኝም አልልም። ሰው ሲዋሽ፣ መዋሸቱን እያወቁ መስማት ደስ ይላል፤ ሥራዬም እሱ ነበር። ግን አንቺን አይሻለሁ። መጽሐፍሽን ይዘሽ ‹ማን ይሆን? ማን ይሆን?› ስትዪ ድስቱ ያርርብሻል። አርባ ዓመት ድስት ስታሳርሪ ኖረሻል። እኔ አንድም አሳርሬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ማሳረር አማረኝ። ከዚህ በኋላ ደግሞ ሌላ ቅጽ የለም።»

እናቴ መነጽሯን ትጠርጋለች።

«ሐኪሙ መሆኑን እኮ እናውቃለን» አለች በመጨረሻ።

«አናውቅም።»

«እሺ፣ ውሰጂ! ውሰጂ! ደግሞ ለመጽሐፍ! እኔ ፍጻሜውን ባውቅ ምን እሆናለሁ?»

«እማዬ፣ አፍሽን ትዘጊያለሽ?» አልኩ።

«እኔ? የስንት ሺህ ተማሪ ፈተና ቤቴ ቆልፌ ያሳደርኩ ሴት!»

ፈተናው አልወጣም፤ እውነት ነው። እኔ ግን ያደግሁት የተገዛልኝ ስጦታ ሁሉ ሳይፈታ ምን እንደሆነ እየተነገረኝ ነው። አክስቴን አየኋት። እሷም አየችኝ።

ጠራዡ ዘንድ ሦስታችንም ሄድን፤ የሚቆረጥበት ቦታ ሌላ ክርክር ነውና። እናቴ «ምዕራፉ እዚህ ያልቃል፣ እዚህ ቁረጠው» ስትል፣ አክስቴ «ሁለት ምዕራፍ ጨምርልኝ፣ የእኔ ቀጠነ» ትላለች። ጠራዡ ምላጩን እንደያዘ እኔን አየኝ።

«ጌታዬ፣ እባክህ አንድ ቀን እንኳ የተቀደደ መጽሐፍ አምጥተህ ‹ስፋልኝ› በለኝ» አለ።

እናቴ የኋለኛውን ግማሽ በሁለት ቀን ጨረሰችው። ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ።

«አስተርጓሚው!» አለች፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «አስተርጓሚው ነው! ያ በር ያዡ! ያ ለስላሳው! ሐኪሙን ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል፣ ምስኪን!»

«አውቃለሁ፣ እማዬ። አንብቤዋለሁ።»

«አውቀህ ነው እስካሁን ዝም ያልከው? የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የእህትሽ የእህት ልጅ ነኝ። እማዬ፣ አደራ። ለአክስቴ አንዲት ቃል እንዳትናገሪ።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ለተማሪ ሁሉ ሳስተምር የኖርኩት እኔ አይደለሁም?»

ማስተማርስ አስተምራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰላም አጣች፤ እኔንም አሳጣችኝ። ለእህቷ እየደወለች «የት ደረስሽ?» ማለት ጀመረች። አክስቴ አንድ ገጽ በቀመሰች ቁጥር መጽሐፉን ዘግታ ታስባለች፤ ለአርባ ዓመት ያላገኘችውን ነገር በአንድ ሳምንት ልትጨርሰው አትፈልግም። እናቴ እኔ ዘንድ ትደውላለች።

«ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ናት! ምን ታደርጋለች እዚያ? ተኝታለች?»

«ተያት፣ እማዬ።»

«ፍንጭ ብቻ ልስጣት። አንዲት ትንሽ ፍንጭ።»

«ፍንጭ የለም።»

«እሷ እንዴት ነበር ይህን ሁሉ ዘመን የቻለችው? ሆዷ ምን ቢሆን ነው?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀችው ጥያቄ ነው። መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

ቅዳሜ አክስቴ ጠራችን። እኔ የሄድኩት እንደ ዘብ ነው። እናቴን ታክሲ ውስጥ ቃል አስገባኋት፤ ደረጃው ላይ ደገምኩት፤ በሩ ላይ ሦስተኛ ጊዜ ቃል ላስገባት ስል በሩ ተከፈተ።

አክስቴ ሌላ ሰው ሆናለች። ዓይኗ ሥር ትንሽ አብጧል፤ ፀጉሯን በጥድፊያ ነው የሰበሰበችው። መጽሐፉ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ክንድ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ እንደዚያ ማድረግ ጀርባውን እንደሚሰብረው ለእኔ ስትነግረኝ የኖረችው እሷ ናት። ወደ ወጥ ቤት ጠራችኝና ገንዳው ውስጥ ውሃ ተሞልቶበት የተዘፈዘፈ ድስት አሳየችኝ። ግርጌው ከሰል ሆኗል።

«አሳረርኩ» አለችኝ በሹክሹክታ። እንዲህ ኮርታ አይቻት አላውቅም።

ተቀመጥን። ሻይ ቀረበ። ለጥቂት ጊዜ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ እናቴ ፎቅ ሊፍት መበላሸት ተወራ። ከዚያ የፈራሁት መጣ።

«ይሄ አስተርጓሚ ግን» አለች አክስቴ። «እንዴት ያለ ሰው ነው! ትናንት ምን አደረገ መሰለሽ፣ ሾፌሯ በዝናብ ስትበሰብስ ኮቱን አውልቆ አለበሳትና እሱ በሸሚዝ ሄደ።»

እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ብስኩት አንሥታ ሙሉውን አፏ ውስጥ አደረገች። ብልህ እርምጃ ነው ብዬ አሰብኩ።

«እንዲያውም እኔ ሳስበው» አለች አክስቴ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ቢሮውን ያቆመው እሱ ነው።»

እናቴ ጣራውን ታያለች። ብስኩቱ እያለቀ ነው። ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረግኋት።

«እግሬን!» አለችኝ።

«ሌላው ሁሉ ሊሆን ይችላል» ቀጠለች አክስቴ። «ጠጋኙም ቢሆን አይገርመኝም። አስተርጓሚው ግን አይሆንም። እጄን ለቆራጭ እሰጣለሁ።»

«አትስጪ!» ብላ እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። «እጅሽን አትስጪ! እሱ ነው እንጂ! የውስጡ ሰው ራሱ ነው! ኮቱንም የሰጣት ኪሱ ውስጥ ያለውን እንድታሳልፍለት ነው፣ ያ እባብ!»

ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዘገየች እንጂ መጫኑን ጫነች።

ከታች መንገድ ላይ መኪና ጥሩምባ ነፋ። አክስቴ መጽሐፉን ከወንበሩ ክንድ ላይ አነሣች፣ የአውቶቡስ ቲኬቷን በገጹ መካከል አስገባች፣ ዘጋችው፣ ጭኗ ላይ አኖረችው፣ እጇን ከላይ አደረገች።

«እሺ» አለች። በስልክ ቤት ድምፅዋ ነው ያለችው፤ መስመር ሲቋረጥባት የምትለው ‹እሺ› ነው።

«አንቺ ነሽ ያስለፈለፍሽኝ!» አለች እናቴ። «ማን አወድሺው አለሽ? ሰው እህቱ እባብ ስታቅፍ እያየ ብስኩት ይበላል?»

«እሺ አልኩ እኮ፣ እትዬ። ምንም አይደለም።»

እናቴ ፊቷን ልትታጠብ ገባች። ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል፤ ከውሃው በላይ ራሷን ስትሳደብ ይሰማኛል። አክስቴ የካርቶኑን ሽፋን በጣቷ ታሻሻለች። ቲኬቱ የገባበትን ቦታ አየሁ። ግማሹም አልተነበበም። ያ ሁሉ ገጽ ቀርቷታል፤ አሁን ደግሞ እንደ ድሮው ልታነበው ነው።

በጣም ተናደድኩ። በእናቴ ተናደድኩ፣ በጠራዡ ተናደድኩ፣ ከአርባ ዓመት በፊት በደረቀው ማጣበቂያ ተናደድኩ። ያኔ ነው አፌ ከእኔ ሳይማከር የተከፈተው።

«እማዬ ገጽ ዘልላ ነው» አልኩ።

አክስቴ ቀና አለች።

«ከመጨረሻው በፊት ያለው ምዕራፍ በሙሉ ዝናብ ነው» አልኩ። «ዝናብ እንደምትዘል ታውቂያለሽ። አስተርጓሚውን የሚጠረጥሩበት ቦታ ላይ ደርሳ፣ የቀረውን ዘልላ፣ ‹አገኘሁት› አለች። ነገሩ ከዚያ በኋላ ይገለበጣል።»

«ይገለበጣል?»

«ይገለበጣል።»

«አንተ አንብበኸዋል?»

«ሳይቆረጥ በፊት። ገጽ እንዳይጎድለው ሳጣራ።»

አየችኝ። ይህን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ እኔም በሥራዬ እንደዚያ ነው የማየው፣ አንድ ነገር ከሥር እስኪንቀሳቀስ ድረስ። ስንት ዘመን ውሸታሞችን በጆሮዋ ስታዳምጥ፣ በስምንት ቅጽ ደግሞ ውሸታሞችን እያወቀች ስታነብ የኖረች ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ በሕይወቴ አንድ የሐሰት ውጤት ጽፌ አላውቅም። ‹ታዲያ ማነው?› ብትለኝ የምመልሰው አላዘጋጀሁም።

«በቃ» አለች። «ሌላ ቃል እንዳትጨምር።»

መጽሐፉን ገለጠች፤ ቲኬቱን አውጥታ መስኮቱ ላይ አደረገችው።

እናቴ ፊቷን አድርቃ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ የሚያስፈልጋትን አቋም ይዛ ተመለሰች። አክስቴ ዓይኗን ከገጹ ላይ ሳታነሣ «እትዬ፣ አትጨነቂ። ገጽ ዘልለሽ ነው አሉ» አለቻት።

«ማን? እኔ? ማን አለ?»

«ልጅሽ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እንግዲህ ጣጣዬን ተመልከቱት። እውነቱን ለእናቴ ብነግራት እስከ ማታ አክስቴ ትሰማዋለች። ስለዚህ መናገር አልችልም። የማደርገው ነገር ቢኖር፣ የወለደችኝን፣ ልክ የሆነችውን ሴት፣ ዓይኗን እያየሁ ተሳስተሻል ማለት ብቻ ነው።

«ዝናቡን ዘልለሻል፣ እማዬ» አልኩ።

ታክሲ ውስጥ አላናገረችኝም። በማግሥቱ ግን ደወለች፤ ከማግሥቱም በኋላ። የኋለኛውን ግማሽ ይዛ በስልክ ታነብልኛለች።

«‹እኔ ነኝ› ይላል እኮ! በገዛ አፉ! ‹ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔ ነበርኩ› ይላል! ይሄ ምኑ ነው የሚገለበጠው?»

«ረጋ ብለሽ አንብቢው።»

«ረጋ ብለሽ! ለእኔ! ማንበብ ያስተማረህ ማን ሆኖ ነው?»

ላቦራቶሪ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስልኬ በጠራ ቁጥር «ጃንጥላው መጣ» ትለኛለች። አንድ ቀን እናቴ ድምፅዋ ደክሞ ደወለች።

«ዝናቡን አነበብኩት» አለች። «ምዕራፉን በሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች። ዝናብ ነው። ይዘንባል፣ ያባራል፣ እንደገና ይዘንባል። ምንም የለበትም!»

«እንደዚያ ነው እንዴ?» አልኩ። ምን ልበል?

«ለእህቴ አልደውልላትም። ራሷ ታንብብና፣ ደረጃውን ወጥታ መጥታ ይቅርታ ትጠይቀኝ። አንተም አብረህ።»

አለመደወሏ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር። በዚያ ሳምንት ያገኘሁት እፎይታም እሱ ብቻ ነው።

አክስቴ የፊተኛውን ስትጨርስ ግማሾቹን ያለዋወጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የማይነጋገሩ መንግሥታት እንኳ እንደዚህ አያደርጉም፣ ፖስታ ይዤ ከደረጃ ወደ ደረጃ። ከዚያ ለሁለት ቀን ጸጥታ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሣ ስልኩን አነሣሁት።

«አንተ ውሸታም!» አለች አክስቴ።

«ጨረስሽው?»

«አስተርጓሚው ነው! ኮቱ ኪስ ውስጥ! እትዬ እንዳለችው፣ ቃል በቃል!» የምትጮኸው ከደስታ ይሁን ከንዴት መለየት አቃተኝ። አክስቴ ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም።

«ተናደድሽብኝ?»

«ስትዋሽ ጆሮህን እንደምትነካ ታውቃለህ? ከልጅነትህ ጀምሮ። ‹ይገለበጣል› ስትል ጆሮህን ይዘህ ነበር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። እጄን ከጆሮዬ አወረድኩ።

«ካወቅሽብኝ ለምን አመንሽኝ?»

«ማን አመነህ? ተጠራጠርኩ እንጂ!» አለች። «እሱ ይዋሻል እላለሁ፤ ደግሞ እሱ ውሸት አያውቅም፣ ጆሮው አሳክኮት ይሆናል እላለሁ። ጠዋት አስተርጓሚው ነው ብዬ እነሣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ይሆናል። አንድ ቀን ሾፌሯ ናት ብዬ መንገድ ላይ ቆምኩ፤ ሰው ገፍቶኝ አለፈ። ሌላም ድስት አሳረርኩ። ታላቁን ድስት!» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እትዬ ይህን ነገር አርባ ዓመት ሙሉ ብቻዋን ነበር የምትበላው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ» አለች። «ይቅርታውን ወጥቼ እጠይቃታለሁ፤ ሊፍቱ ሲሠራ።»

ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች። ስልኩ ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪጠራ ድረስ ራሴን አዘጋጀሁ።

«ዋሽተኸኛል» አለች።

«ዋሽቻለሁ።»

«ሳምንት ሙሉ! ለእናትህ! ዝናብ አስነበብከኝ!»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

ስድቡን ጠበቅሁ፤ ለስድቡ ተዘጋጅቼ ነበር። የመጣው ሌላ ነገር ነው።

«ስማኝማ» አለች። «አሁን የፊተኛውን ይዣለሁ። ይሄ አስተርጓሚ ገና በሁለተኛው ገጽ ምን ይላል መሰለህ? ‹ይህን ሰፈር አላውቀውም› ይላል! አላውቀውም! እኛ እኮ ቤቱ እዚያ እንደሆነ እናውቃለን!» መሳቅ ጀመረች። «ደግሞ በር ይይዝላቸዋል! ለምን እንደሚይዝ አየህ? ማን እንደገባ ሊቆጥር ነው!»

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ስማ እንጂ! አክስትህ ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ እየሳቀች ነው ያነበበችው? ለእኔ ሳትነግረኝ? ክፉ ሴት ናት! ቆይ፣ ይህችን ላንብብልህ...»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከማይክሮስኮፑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ከዚያም እንኳ ድምፅዋ ይሰማል፤ ታነባለች፣ ‹ውሸታም!› ትላለች፣ ትስቃለች። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ወረቀት ይዛ አልፋ ሄደች። ደሙን ማየት ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ንባቡ በድንገት ቆመ።

«አንተ» አለ ስልኩ። «አለህ? አንድ ነገር ይሸተኛል።»

ስልኩን አነሣሁት።

«እማዬ» አልኩ። «ድስቱን አውጪው።»